የኤኒያክ ወይዛዝርት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር አዲስ መድፍ ወደ ግንባር በላከ ቁጥር፣ ተኳሹ የዒላማውን ርቀት፣ የነፋሱን ኃይልና የአየሩን ጠባይ መዝኖ አፈሙዙን ምን ያህል ማቅናት እንዳለበት የሚያሳይ የተኩስ ሠንጠረዥ አብሮ መስደድ ግድ ይሆንበት ነበር፤ የአንዲቱን ጥይት ጉዞ በጠረጴዛ ላይ የሒሳብ መኪና ማስላት ግን 30 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ ስለ ነበረ፣ ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምቱ ይህ የአኃዝ ድካም በፊላደልፊያ ከተማ ለተሰበሰቡ፣ በሒሳብ ትምህርት ለበሰሉ ወጣት ሴቶች ተሰጠ።

እ.ኤ.አ. በ1945 ከእነዚሁ ትጉሃን መካከል ካትሊን ማክነልቲ፣ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን የተባሉት 6 ወይዛዝርት፣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በምስጢር ይሠሩት ለነበረው ኤኒያክ ለተባለው ኮምፒዩተር ተመረጡ። 18,000 ያህል ቫልቮች የተተከሉበትና 30 ቶን የሚመዝን ይህ መኪና የጦሩ ምስጢር ስለ ነበረ፣ ፈቃድ እስኪሰጣቸው ድረስ ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ተከልክለው፣ መምህርም መጽሐፍም ሳይኖራቸው አሠራሩን ከንድፉ ወረቀት ብቻ አጠኑ። ፕሮግራም ማዘጋጀት በዚያን ጊዜ ተቀምጦ መጻፍ አልነበረም፤ ስሌቱን ወደ ጥቃቅን እርምጃዎች ከፋፍሎ፣ ወፋፍራሙን ገመድ ከአንዱ ሰሌዳ ነቅሎ በሌላው መሰካት፣ በሺህ የሚቆጠሩትንም ማዞሪያዎች አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል ነበር።

መኪናው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 በእንግዶች ፊት ሊታይ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ጄኒንግስና ስናይደር ያዘጋጁት ስሌት ጥይቲቱ መሬት ከነካች በኋላም አልቆም ብሎ፣ ምድርን ሰንጥቃ የምትወርድ ይመስል ጉዞዋን መቍጠሩን ቀጠለ። ስናይደር ደክማ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ መፍትሔው በሌሊት ተገለጠላት፤ በማለዳ ተመልሳ አንዲቱን ማዞሪያ ብታስተካክል ስሌቱ ቀና። እንግዶቹም መኪናው የጥይቲቱን ጉዞ ጥይቲቱ ራሷ ከምትጓዝበት ጊዜ ባነሰ ሲያሰላ አይተው ተደነቁ፤ ማታ በተደረገው የእራት ግብዣ ላይ ግን ስድስቱ ወይዛዝርት አልተጠሩም።

ከግብዣው መቅረታቸው ያሳዝናል፤ ከዚያ የከፋው ግን በ1980ዎቹ ካቲ ክላይማን የተባሉ ተማሪ የመኪናውን አሮጌ ፎቶግራፎች አይተው እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ለፎቶግራፍ ማሳመሪያ የቆሙ ናቸው የሚል መልስ መሰጠቱ ነው። ቀዳማውያቱ በሕይወት ሳሉ ስማቸው እንዲህ ከጠፋ፣ ከእነርሱ በኋላ የተወለደችው ልጃገረድ በዚህ ሙያ ባዕድ ነኝ ብላ ብታስብ ምን ይፈረድባታል?

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በኮምፒዩተር ትምህርት ከተመረቁት ከየ100 ተማሪዎች 37ቱ ሴቶች ነበሩ። ዳሩ ግን ለቤት የሚሆነው ትንሹ ኮምፒዩተር ለወንድ ልጆች መጫወቻ ተብሎ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ወንዶቹ አስቀድመው የለመዱትን ይዘው ሲመጡ ልምዱ እንደ ተፈጥሮ መክሊት ተቈጠረላቸው፣ የሴቶቹም ድርሻ ከ100 ከ20 በታች ወረደ። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ግን ቀድሞ የነበረ ልምድ ለመግቢያ መመዘኛ መሆኑ ሲቀርና ለጀማሪዎች የተለየ ትምህርት ሲከፈት፣ በ1995 ከገቢዎቹ ከ100 7 ብቻ የነበሩት ሴቶች በ2000 42 ሆኑ።

በልደታቸው ወንድ ተብለው የተመዘገቡት፣ በውስጣቸው ግን ሴት መሆናቸውን ያውቁ የነበሩት ሊን ኮንዌይ ደግሞ ከዚህ የበረታ መከራ አይተዋል። አይቢኤም በተባለው ኩባንያ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ትእዛዞችን የሚፈጽምበትን ብልሃት ያስገኙ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ሴት ሆነው ለመኖር መወሰናቸው በታወቀ ጊዜ በ1968 ከሥራ ተባረሩ። ያለፈውን ደብቀው፣ በአዲስ ስም ከታች ጀምረው፣ ከካርቨር ሚድ ጋር በጻፉት በ1980 በታተመው መጽሐፍ የማይክሮቺፕ ንድፍ ጥቂቶች የያዙት ምስጢር መሆኑ ቀርቶ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ ትምህርት እንዲሆን አደረጉ። ኩባንያው በ2020፣ ኮንዌይ የ82 ዓመት አረጋዊት ሳሉ፣ ይቅርታ ጠየቀ፤ እርሳቸው ግን ይቅርታውን ሳይጠብቁ ከ20 ዓመት አስቀድመው ታሪካቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ እንደ እርሳቸው ያሉ ወጣቶች እንዲያነቡት ለሁሉ ገልጠውት ነበር።