ከራዳር እስከ ቡና ሲኒ፦ ማይክሮዌቭ በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?



ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችን የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ትዝ ያሉኝ ቦንጋ ያወቅኋቸው አንዲት እናት ናቸው። ተመርቄ ወደ ከፋ ዞን በወጣሁበት ጊዜ ሞባይል ለአካባቢው ገና አዲስ ነበር። እኚህ እናት ግንባራቸውን በነጠላ ጠፍረው ገቡና፣ «ልጄ፣ ኮረብታው ላይ ያ ብረት ከቆመ ወዲህ ራሴን ይፈልጠኛል፤ እንቅልፍም የለኝ» አሉኝ። እኔም ሳቅ ብዬ፣ «እማማ፣ የቴሌ ማማ ምንም አያደርግዎትም» አልኳቸውና ፓራሲታሞል ጽፌ ሸኘኋቸው። የደም ግፊታቸውን አልለካሁም። ከወራት በኋላ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ በቃሬዛ መጡ። ግፊታቸው ከ200 በላይ ነበር።

ስለ ማማው የተናገርኩት ልክ ነበር። ግን ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ተምሬ የወጣሁ ሐኪም፣ ጥያቄውን የሞኝ ጥያቄ ነው ብዬ ስንቅ ሕመሙንም አብሬ ናቅሁት። ለካ ጥያቄው ታላላቅ ሳይንቲስቶችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። ታሪኩን በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከራዳር ነው። ማይክሮዌቭ እንደ ኤክስሬይ የሞለኪውልን ትስስር የሚበጥስ ጉልበት የለውም፤ የውሃ ሞለኪውሎችን እያወዛወዘ ግን ያሞቃል። በ1948 አሜሪካ ውስጥ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ጠንካራ ማይክሮዌቭ የዓይን ሞራ እንደሚያስከትል አሳዩ። በ1952 ደግሞ በማይክሮዌቭ መሣሪያ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ቴክኒሻን ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ እንደጋረዳቸው ሪፖርት ተደረገ። የዓይን ሌንስ የደም ሥር ስለሌለው ሙቀቱን በደም ዝውውር ማስወገድ አይችልም።

በ1953 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኸርማን ሽዋን ሰውነት ምን ያህል ሙቀት ማስወገድ እንደሚችል አስልቶ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዋት የሚል ጣሪያ አቀረበ። ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቀኑን ሙሉ ለሚጋለጥ ሠራተኛ የፈቀደችው 10 ማይክሮዋት ብቻ ነበር። በሺህ እጥፍ ያነሰ ማለት ነው! ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? አሜሪካኖቹ የቆጠሩት ሙቀትን ነው። የሶቪየት ሐኪሞች ደግሞ የሠራተኞችን ቃል መዘገቡ፦ ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ልክ እንደ ቦንጋዋ እናት። የምዕራቡ ተመራማሪዎች፣ «ማነጻጸሪያ ቡድኑ የታለ? የጨረሩስ መጠን ስንት ነበር?» እያሉ ተከራከሩ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ቅሬታውን መስማትም ተገቢ ነበር።

በዚህ መሐል አለን ፍሬይ የሚባል አሜሪካዊ ሰዎች የራዳርን ምት በጆሯቸው እንደሚሰሙ በ1962 አሳተመ። ሙቀቱ የማይሰማ ሆኖ ድምፁ ከተሰማ፣ ከሙቀት ውጭ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። በ1974 ፎስተር እና ፊንች ምላሹን በውሃ ሙከራ አገኙት። እያንዳንዱ ምት ውሃውን በዲግሪ ሚሊዮንኛ ገደማ ያሞቀዋል፤ ውሃው በቅጽበት ይለጠጥና የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል። ውሃ በማይለጠጥበት 4 ዲግሪ ላይ ድምፁ ጠፋ። ሰሚዎቹ አልዋሹም ነበር፤ ምክንያቱ ግን ያው ሙቀት ሆነ።

ሞስኮ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲም ለዓመታት ማይክሮዌቭ ሲላክበት ኖሯል። ነገሩ በ1976 ይፋ ሲሆን ሠራተኞቹ ደነገጡ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አብርሃም ሊሊየንፌልድ የመራው ጥናት በ1978 ሲጠናቀቅ በጨረሩ ሳቢያ የመጣ ነው የሚባል አሳማኝ ጉዳት አላገኘም።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መመሪያ መነሻው በኪሎ ግራም 4 ዋት ነው፤ ይህ መጠን የሰውነትን ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ለሕዝብ የተፈቀደው የዚህ 50ኛ ብቻ ነው።

በ2011 የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሬዲዮ ሞገዶችን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» በሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ ሲያስገባ ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ ግን ለከፋ ሰዎች የምነግራቸው ሌላ ነገር አለ፤ በዚያን ጊዜ የከፋ ኩራት የሆነው ቡናም እዚያው ምድብ ውስጥ ነበር! በፊኛ ካንሰር ተጠርጥሮ ከ1991 ጀምሮ እዚያ ቆየ። በ2016 ማስረጃው እንደገና ሲመረመር ቡና ከምድቡ ወጣ። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ግን ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ከፍ ባለው ምድብ 2ኤ ገባ። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ የአደጋውን መጠን አይለካም። በሞባይል በኩልም በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ከአንጎል ካንሰር ጋር ግንኙነት አላገኘም።

አሁን ሰው ስለ ማማ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ግፊቱን እለካለሁ። ቀጥሎ ርቀት እጥፍ ሲሆን የጨረሩ ጥንካሬ ወደ ሩብ እንደሚወርድ፣ ጆሮ ላይ የተለጠፈው ስልክም አብዛኛውን ጊዜ ከሩቁ ማማ ይበልጥ እንደሚያጋልጥ እነግረዋለሁ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኚያ እናት በኋላ በምርኩዝ መራመድ ቻሉ። ቀኝ እጃቸው ግን ጀበና ማንሳት እንዳቃተው ቀረ፤ ቤታቸው ስሄድ ቡናውን የምትቀዳው ልጃቸው ነበረች። መምህራኖቻችን፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልኝ፦ በሽተኛ ምክንያቱን ሊሳሳት ይችላል፤ ሕመሙን ግን ይዞት የመጣው እውነቱን ነው።