ድምፃዊ የሌለው ሸክላ

እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተባለውን ትልቅ ሸክላ በካይፋ ሪከርድስ ሲያሳትም፣ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ታጥራ፣ ቀይ ሽብር በየሰፈሩ እየገባ ነበር። ሸክላው ላይ ፊት ቆሞ የሚዘፍን ሰው የለም። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ መልአከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም ይዘዋል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎኑ በእንግድነት ገብቶበታል። ሌላ ጊዜ ከድምፃዊ ጀርባ የሚቆሙት እነዚህ ሰዎች ለአንድ ሙሉ ሸክላ ያህል ራሳቸው ተናጋሪ ሆኑ። ሸክላው ግን ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ፤ እንደገና ታትሞ የወጣው ከ37 ዓመት በኋላ፣ ያውም በውጭ አገር ነው። እንዲህ ያለውን መዘንጋት ብዙውን ጊዜ የዘመኑ ክፋት ያመጣው አድርገን እናልፈዋለን። የእኔ ሐሳብ ግን ከዚህ ይለያል። «ቼ በለው»ን ያስረሳው በዋናነት ሙዚቃችንን መዝግበን የያዝንበት መንገድ ነው፤ ዘፈንን በዘፋኙ ስም ብቻ ስንመዘግብ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾችን ታሪክ ከመዝገቡ አስቀርተናል።

ይህ ልማድ በአንድ ቀን አልመጣም። ዘመናዊው ሙዚቃ አገራችን የገባው በሰልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶች «አርባ ልጆች» ተብለው የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ። በእነዚህ ባንዶች ውስጥ መሣሪያ ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ወታደር ነው፤ የሚታወቀው በባንዱ እንጂ በስሙ አይደለም። ድምፃዊው ግን በሬዲዮ ስሙ ይጠራል፤ ሕዝብም ያውቀዋል። በ1960ዎቹ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የራሳቸውን ባንድ መቅጠር ሲጀምሩም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። መሣሪያው ብዙ ጊዜ የቤቱ ንብረት ስለነበረ ተጫዋቹ ከቤቱ ሲወጣ ባዶ እጁን ነው። ዋልያሶች ከቀደሙት የሚለዩት አንዱ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው፣ እንደ አንድ ራሱን የቻለ አካል ከሂልተን ሆቴል ጋር ተዋውለው ሠሩ። የራሱ ኦርጋንና የራሱ ጊታር ያለው ባንድ የራሱን ሸክላ ማሰቡ እንግዲህ ተፈጥሯዊ ነው።

የሸክላው ንግድም የዚያኑ ያህል ለድምፃዊ ያደላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅትና ፊሊፕስም በየፊናቸው ገበያውን ተቀላቀሉ። የዘመኑን ሸክላዎች ለዓመታት ያሰባሰበው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚለው፣ ከ1969 እስከ 1978 ድረስ 500 ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ታትመዋል። ትንሿ ሸክላ በየፊቷ አንድ አንድ ዘፈን ይዛ በዘፋኙ ስምና ፎቶግራፍ ትሸጣለች። ትልቁ ሸክላ ደግሞ ውድ ነው፤ አሳታሚው ገንዘቡን ሲያወጣ በታወቀ ስም ላይ መተማመን ይፈልጋል። በአሥር ዓመት 30 ያህል ብቻ በታተመበት ገበያ አንዱን ድምፃዊ ለሌለው ባንድ መስጠት ትልቅ ድፍረት ነው። ይህን ድፍረት ሳናስተውል የ«ቼ በለው»ን ክብደት ልንመዝን አንችልም።

ደግሞም ዋልያሶች ብቻቸውን አልነበሩም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን፣ በ1974 ደግሞ ለአምሃ ሪከርድስ «የካቲት»ን አውጥቷል። በዚያው በ1972 ጌታቸው መኩሪያ ለፊሊፕስ ባሳተመው ሸክላ የአገሩን ሽለላ በቴነር ሳክስፎን አቀንቅኗል። በ1976 አይቤክስ ባንድ፣ ማለትም የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ያጀበውና ኋላ ሮሃ የሆነው ባንድ፣ በራስ ሆቴል ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ ቀርጿል። የአይቤክስ ሊድ ጊታር ተጫዋች ሰላም ስዩም ወልደማርያም ኋላ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ አጀማመርና እድገት አጥንቶ ጽፏል፤ መሣሪያ ተጫዋቹ የሙያውን ታሪክ ራሱ ካልጻፈው ሌላ ሰው እንደማይጽፍለት የገባው ይመስላል። በ1978 ደግሞ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በግዮን ሆቴል «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አወጣ። እነዚህን ሥራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በተለያዩ አሳታሚዎችና በተለያዩ ባንዶች፣ ሙዚቀኛው «እኔም የምለው አለኝ» ያለበት አንድ እንቅስቃሴ ይታየናል። ስም ስላልተሰጠው ብቻ እንቅስቃሴ አልነበረም ማለት አይቻልም።

ሙዚቀኞቹ የሚሉትን ለመስማት ከ«ቼ በለው» አንዱን ቁራጭ ቀረብ ብሎ ማድመጥ ይበቃል። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» በአጭር፣ በሚደጋገም የቤዝ ሐረግ ላይ የቆመ ነው። ሐረጉ አይቸኩልም፤ አይለወጥምም። የነፋስ መሣሪያዎቹ ዜማውን በኅብረት ያነሳሉ፤ ኦርጋኑ ከሥር ይሞላል፤ ጊታሩ ክሩን አፈን እያደረገ ምቱን ይቆጥራል። አንዱ ሌላውን የሚያጅብበት ሥርዓት የለም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ሲጎድል ሁሉም ይፈርሳል። በተለይ ጊታሩን ማስተዋል ያሻል። በባንድ ውስጥ ለክራር የቅርብ ዘመዱ እሱ ነው፤ ይሁን እንጂ ክራር በጆሮ ሲቃኝ የጊታር ድምፅ በአንገቱ ላይ በተተከሉት የብረት ዘንጎች ተወስኗል። ባቲን ወይም አንቺሆዬን በጊታር የሚጫወት ሰው የቅኝቱን ለዛ የሚያመጣው ክሩን በጣቱ ሳብ፣ ለቀቅ እያደረገ ነው። በአምስት ድምፅ ቅኝት ሥር ምን ዓይነት ኮርድ ይሁን የሚለውም መምህርም መጽሐፍም በቀላሉ የማይመልሰው ጥያቄ ነበር። የ1970ዎቹ ጊታር ተጫዋቾች መልሱን በየማታው መድረክ ላይ አገኙት። የምርምር ሥራ ማለት ይህ ነው፤ ውጤቱ የተመዘገበውም በሸክላ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው መቃወሚያ ይመጣል፤ ያን ሁሉ ያጠፋው ደርግ ነው የሚል። መቃወሚያው ቀላል አይደለም። ሰዓት እላፊው የማታ ሕይወትን አንቆ ይዟል፤ ዘፈን ለሳንሱር ይቀርባል፤ አምሃ እሸቴም በ1975 አገር ለቅቆ ወጥቷል። ይሁንና ማስረጃው ሲመረመር ነገሩ ሁሉ በዚህ አይቋጭም። ሂልተንን በመሰለ ሆቴል ሰዓት እላፊው የታዳሚውን በር ዘጋው እንጂ ሙዚቃውን አላቆመውም፤ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋልያሶች የተባበረ ድምፃቸውን ያሳመሩት በእነዚያ ረጃጅም ሌሊቶች ነው። ሳንሱሩም ቢሆን በዋናነት የሚያሳድደው ግጥምን ነው፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ከድምፃዊው ሥራ ይልቅ የተሻለ መንገድ ነበረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሥርዓት፣ ብዙ ጊዜም በእነዚያው ተጫዋቾች የተሠሩ የድምፃውያን ሥራዎች አልተረሱም። የማህሙድ አህመድ፣ የጥላሁን ገሠሠ፣ የሙሉቀን መለሠ ዜማዎች ያንን ዘመን ተሻግረው በሠርግ ቤትም በታክሲም እስከ ዛሬ ይሰማሉ። ሥርዓቱ ሁሉን እኩል ከተጫነ፣ አንዱ ድኖ ሌላው የጠፋበትን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ሁለተኛው መቃወሚያ ወደ ባህላችን ያመለክታል። ኢትዮጵያዊ ከሙዚቃ የሚፈልገው ቃል ነው፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ግጥም የሌለውን ዜማ ባዶ አድርጎ ይሰማዋል ይባላል። እውነት አለው፤ ለቃል ያለን ፍቅር የማይካድ ነው። ግን እረኛው ዋሽንቱን ሲነፋ ግጥም አይጠየቅም፤ እምቢልታና መለከት ሲነፋም ሰው ይቆማል፤ ይሰማል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣው ቃሉ ቢቀርም ወኔው አልቀረም። ዋልያሶችም ይህን ጉዳይ የተረዱት ይመስላል። በ«ቼ በለው» ውስጥ እንደ «ሎሚ ተራ ተራ» ያሉ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ዜማዎች ገብተዋል፤ አድማጩ ቃሉን በልቡ ይዞ ስለሚመጣ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ቃሉን ያነሱለታል። ይህ ለቃል የተቆረቆረ ጆሮን የናቀ ሥራ አይደለም፤ ያንኑ ጆሮ ወደ አዲስ መንገድ የመራ ነው። ስለዚህ ባህላችን መሣሪያን ብቻውን መስማት አያውቅም የሚለው ክርክር፣ ከባህላችን አንዱን ክፍል ይዞ ሌላውን የተወ ነው።

እንግዲህ ምን አስረሳው? ሦስት ነገሮች ተገጣጥመዋል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ቴክኖሎጂ ነው። በ1978 ገደማ የሸክላ ሕትመት አብቅቶ ካሴት ቦታውን ያዘ። ካሴት በየሱቁ እየተገለበጠ የሚባዛ ነገር ነው፤ የሚባዛውም ሰው በስም የሚጠይቀው ብቻ ነው። ደንበኛው «የጥላሁንን አምጣ» ይላል፤ «ማህሙድ አማን ጊታር የተጫወተበትን አምጣ» የሚል አልነበረም። ሁለተኛው የስም አያያዛችን ነው። በሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ስም በትልቁ ሲጻፍ፣ ቢበዛ የባንዱ ስም ከሥሩ ይታከላል፤ ማን ምን እንደተጫወተ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ሦስተኛው ስደት ነው። ዋልያሶች በ1981 ለጉብኝት አሜሪካ ሲሄዱ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መልአከ ገብሬ በዚያው ቀሩ። ድምፃዊ ቢሰደድ ካሴቱ ስሙን እያስጠራ አገር ቤት ይኖራል። ስሙ ያልተጻፈ ሙዚቀኛ ሲሰደድ ግን አብሮት ሥራው ይሰደዳል። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ ደንበኛ በሚጠብቅባት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ሦስተኛው መቃወሚያ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ላይ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» በፋልሴቶ ስብስቦች ዓለምን ዞረ፤ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካገኘው አንድ የኃይሉ መርጊያ ካሴት ተነሥቶ በ2013 የ1985ቱን የአኮርዲዮን ሥራ፣ በ2014 ደግሞ «ቼ በለው»ን እንደገና አሳተመ። ታዲያ ይህ ፈረንጅ ስለወደደው የተነሣ ዝና ነው፤ እኛ ያልፈለግነውን ሌሎች ስለፈለጉት ትልቅ ነው ማለት አይገባም የሚሉ አሉ። ከፊሉን እቀበላለሁ፤ አንድ ሸክላ ብርቅ መሆኑና በውድ መሸጡ የጥበቡ መለኪያ አይደለም። ግን የውጭ ሰብሳቢዎች «ቼ በለው»ን አልፈጠሩትም። አዲስ አበባ ውስጥ ተደርሶ፣ ለአዲስ አበባ ተደናሽ የተጫወቱት ሙዚቃ ነው፤ የታተመውም በአገር ሰው ድርጅት ነው። እነሱ ያደረጉት እኛ ያልሠራነውን የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፤ ካሴቱን አንሥተው «ማን ነው የተጫወተው?» ብለው ጠየቁ፤ ሰውየውን ፈልገው አገኙት። ከዚህ የምንማረው ያው ጥያቄ የእኛም መሆን እንዳለበት ነው።

ጥያቄው ቤት ሊያገኝ ከሚችልባቸው ቦታዎች አንዱ የአዲስ አበባው መካኒሳ ነው። ብዙ ሰው ሰፈሩን በአልኮል ፋብሪካው ያውቀዋል፤ ሆኖም የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። ወጣቶች ጊታር፣ ቤዝ፣ ፒያኖ፣ ሳክስፎንና ድራም እንደ ዋና ሙያ ሊማሩ የሚመጡበት ቤት መሆኑ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ጃዝ በባሕርዩ ተጫዋቹን በስሙ የሚጠራ ጥበብ ነው፤ ተማሪ ሁሉ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ሸክላ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተጫወተ ያጠናል። ያንኑ ዘዴ ወደ ራሳችን ሸክላዎች ማዞር ነው የሚያስፈልገው። የመልአከ ገብሬ የቤዝ ሐረግ በኖታ ይጻፍ፤ የማህሙድ አማን ጊታር ከሌሎች ተለይቶ ይደመጥ፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በምን ትንፋሽ እንደያዘው ይጠና። እንዲህ የተማረ ወጣት አጃቢ ሆኖ ቢሠራ እንኳ የሚያስቀጥለው የማንን መንገድ እንደሆነ ያውቃል።

ከትምህርቱ ባሻገር ሕጉም መንገድ ከፍቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ጎን ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ መብት ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንድ የድሮ ሥራ በሬዲዮ ሲተላለፍ፣ በአዲስ ሽፋን ሲታተም ወይም በስልክ ሲለቀቅ የተጫዋቾቹ ስም አብሮ መውጣት ይኖርበታል፤ ከውለታም ከክፍያም አስቀድሞ የሚመጣው ይህ ነው። ጌታቸው መኩሪያን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አምሃ እሸቴን በ2021 አጥተናል፤ እነሱ የሚያውቁትን ጠይቀን ያልጻፍነው ሁሉ አብሯቸው ሄዷል። በየሸክላው ላይ ማን ምን እንደተጫወተ መዝግቦ መያዝ ጥቂት ሰዎች፣ የድምፅ መቅረጫና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ አሁኑኑ ሊጀመር ይገባል።