ከፍተኛ ትምህርትና ዳር አገር፦ ከገነተ ልዑል እስከ ዲማ

የዲማ ወረዳ በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋ ዞን ደቡባዊ ጫፍ ይገኛል። በምዕራብ በኩል ከደቡብ ሱዳን የሚለየው የአኮቦ ወንዝ ነው። በአገር ውስጥ ስሙ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከወንዞቹ አሸዋ እየታጠበ በሚወጣው ወርቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች በሰፈሩበት ጣቢያ ነው። ስለ ከፍተኛ ትምህርት በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ግን ዲማ እምብዛም አይጠቀስም።

ሆኖም የአንድ አገር የከፍተኛ ትምህርት አወቃቀር የሚመዘነው በዋና ከተማው በሚታዩት ሕንፃዎችና በሚወጡት አዋጆች ብቻ አይደለም፤ ከማዕከሉ እጅግ የራቀው ወረዳ ልጅ በምን መንገድ እንደሚገባ፣ ተምሮስ ወዴት እንደሚመለስ በመመልከት ጭምር ነው። ከ1943 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት በተደጋጋሚ እንደ አዲስ ተደራጅቷል። በየጊዜው የተቋማቱ ስም፣ አስተዳደርና ቁጥር ተለውጧል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ግን፣ ከአንድ ጊዜ በቀር፣ የሚገባውን ያህል አልታሰበበትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መጋጠሚያ እየተከተሉ ታሪኩን መመርመር ነው።

የኮሌጆች ዘመን

በኢትዮጵያ ከፍ ያለ ትምህርት ከዘመናዊው ኮሌጅ ጋር አልተጀመረም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ሲያስተምሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። የጋምቤላው ዲማ ስመ ሞክሼ የሆነው የምሥራቅ ጎጃሙ ዲማ ጊዮርጊስ ከነዚህ ስመ ጥር የትምህርት ደብሮች አንዱ ነው። በዚያ ሥርዓት ተማሪው መምህሩን ፍለጋ አገር አቋርጦ በእግሩ ይሄዳል፤ የሚበላውንም ለምኖ ይኖራል። የትምህርቱን ደረጃ የሚወስነው መምህሩ እንጂ መንግሥት አልነበረም።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ቁጥር መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ቀጥሎም የምሕንድስና ኮሌጅ፣ የሕንፃ ኮሌጅ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና በአሜሪካ የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ርዳታ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋሙ። እነዚህ ተቋማት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አስተዳደርና የየራሳቸው የውጭ አጋር ነበራቸው፤ ካናዳዊው፣ አሜሪካዊውና ስዊድናዊው በየፊናው የአገሩን ልማድ ይዞ መጥቷልና፣ የጋራ ሥርዓት አልነበራቸውም።

ይህን መበታተን ለማስወገድ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቻርተር የካቲት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ወጣ፤ ምረቃውም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተከናወነ። ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ግቢ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ፣ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተገደሉበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ሚኒስትሮች በዩኔስኮ ጠሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ስለ ትምህርት መስፋፋት መክረው ነበርና፣ አንድ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ማቋቋም የዘመኑም መንፈስ ነበር።

ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ማሻሻያ ኮሌጆቹን በአንድ ፕሬዚዳንትና በአንድ ቦርድ ሥር አዋለ። ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም፣ በኋላም ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ በፕሬዚዳንትነት መሩት። ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚገቡት ተማሪዎች ከጥቂት ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ነበሩ። በጠቅላይ ግዛቶቹ የነበሩት ትምህርት ቤቶች ቁጥራቸው አነስተኛ ሲሆን፣ በነዚያም ከሚያስተምሩት መምህራን ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በመቶ እየተቆጠሩ መምጣታቸው የጉድለቱን ስፋት ያሳያል።

የዩኒቨርሲቲው ግዳጅ

ለዚህ ጉድለት ከአገር ውስጥ የተገኘው መልስ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የሦስት ዓመት ትምህርቱን እንደ ጨረሰ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ገጠርና ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሄዶ ካገለገለ በኋላ ነው ተመልሶ የሚመረቀው። አብዛኛው ተማሪ የሚመደበው በመምህርነት ነበር። ይህም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌለው መምህር ከዩኒቨርሲቲው እንዲያገኝ፣ ዩኒቨርሲቲውም የሚቀበለውን ተማሪ ከምንጩ እንዲያውቅ አደረገ።

አገልግሎቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የማስተማር ሥልጠና ያልወሰደ ወጣት ክፍል ውስጥ ሲቆም የሚደርስበት ችግር ብዙ ነበር፤ ተማሪዎቹ ራሳቸውም እንደ ግዳጅ ቆጥረው ያማረሩበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ከጭሰኛው ጎጆ አጠገብ የኖረ ተማሪ ወደ ግቢው የሚመለሰው የመሬቱን ጥያቄ በዐይኑ አይቶ ስለ ሆነ፣ ግዳጁ የተማሪዎቹን እንቅስቃሴ አጠናክሯል። መንግሥት በዚህ ቢሠጋም፣ በትምህርት አወቃቀር ረገድ ግን አገልግሎቱ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበረው፤ ዩኒቨርሲቲው ለዳር አገር ትምህርት ቤት ኃላፊነት እንዳለበት በደንብ የተደነገገበት ዘመን ይህ ነበር።

ከሴክተር ሪቪው እስከ ዘመቻ

በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው፣ ሴክተር ሪቪው እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ጥናት ሁለተኛውን ማሻሻያ ለመጀመር የታሰበበት ነበር። ጥናቱ ለሁሉም ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስና የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርትን ዕድገት ለመግታት ሐሳብ አቀረበ። አሳቡ ለብዙኃኑ የቆመ ይመስል ነበር፤ ወላጆችና መምህራን የተረዱት ግን የድኻው ልጅ በአራተኛ ክፍል እንዲቆም፣ የሹመኛው ልጅ ግን ወደ ላይ እንዲቀጥል የሚያደርግ ዕቅድ አድርገው ነው። የመምህራን ማኅበርም ከደመወዝ ጥያቄው ጋር ይህንኑ ተቃውሞ ይዞ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ማቆም መታ። ዕቅዱ ተነሣ፤ መንግሥቱም ከጥቂት ወራት በኋላ ወደቀ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በትምህርት ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ባለቤቶቹ ሳይመክሩበት ሲወጣ፣ በውስጡ የያዘው ጠቃሚ አሳብ እንኳ አብሮ ይጣላል። የመሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ የሚለው ቁም ነገር ከዕቅዱ ጋር ተቀብሯል።

አዲሱ ወታደራዊ መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ዐወጀ። 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማሩ። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት በዚህ ምክንያት ቆመ፤ ከዘመቻው በኋላም በቀድሞው መልኩ አልተመለሰም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የሠፈራ ፕሮግራም ጊዜ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና መምህራን ለሠፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተልከዋል። ዩኒቨርሲቲው ወደ ጋምቤላ በብዛት የመጣበት ይህ አጋጣሚ ጭቃ ለማቡካትና ሣር ለመክደን እንጂ ለማስተማር አልነበረም።

ኮሚሽኑና ማዕከላዊው ዕቅድ

በአዋጅ ቁጥር 109/1969 የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቋመ። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ቻርተር ይወስን የነበረው ብዙ ጉዳይ ወደ ኮሚሽኑ ተላለፈ፤ የተማሪ ቅበላ፣ የሥርዓተ ትምህርትና የተመራቂዎች ምደባ በመንግሥት የሰው ኃይል ዕቅድ ሥር ዋሉ። በዚህም ሦስተኛው መልክ ተያዘ። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ጅማ፣ ዐዋሳ፣ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ደግሞ በየሙያቸው ኮሌጅና ኢንስቲትዩት ነበራቸው። ለምዕራቡ ዳር አገር ቅርቡ ጅማ ነበር። በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ለነበረው ለጋምቤላ ሕዝብ ልጆች ግን ከዚያ ለመድረስ በቅድሚያ ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ ያስፈልጋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነበር።

ምደባው አንድ መልካም ጎን ነበረው፤ ተመራቂ መምህር ወደ ተላከበት ወረዳ መሄድ ግዴታው ነበርና፣ ሩቅ ትምህርት ቤት ጨርሶ ያለ መምህር አይቀርም። ሆኖም ምደባው የመንግሥት የሰው ኃይል ሥራ ሆኖ ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለትምህርት ቤቱ ያለበት ኃላፊነት ግን አልተመለሰም።

የመስፋፋት ዘመን

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ አወጣ። ከዚያ አስቀድሞ በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ መሰናበታቸው የተቋሙን ነፃነትና የትምህርቱን ደረጃ ክፉኛ ጎድቷል። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 351/1995 የዩኒቨርሲቲዎችን አስተዳደር እንደ አዲስ ደነገገ፤ የጥራት አግባብነት ኤጀንሲና የስትራቴጂ ማዕከል አቋቋመ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ መሰናዶ ክፍሎች ወርዶ የብዙ ዲግሪዎች ዘመን ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፤ ይኸው የመጀመሪያ ዓመት በ2012 ዓ.ም. እንደገና ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሷል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ 70 በመቶው ተማሪ በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ።

ከሁሉ የሚደንቀው የቁጥሩ ዕድገት ነው። በ1983 ዓ.ም. በእጅ ጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ከ40 በላይ ሆነዋል። በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2000ዎቹም ሁለተኛ አጋማሽ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረቱ። ለዲማ ልጅ ቅርቡ ከሆነው ከጅማ ይልቅ ሚዛን የሚቀርብ ሆነ። ታዳጊ ከሚባሉት ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች በቅበላ ጊዜ የሚደረገው ልዩ ድጋፍም በሩን አሰፋላቸው። ይህን ውጤት አቃሎ መመልከት ተገቢ አይሆንም፤ አያቱ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል ያልሰማ ልጅ በክልሉ ውስጥ ዲግሪ ማግኘት ችሏልና።

ነገር ግን መስፋፋቱ ያልፈታው ነገር አለ። በፌዴራሉ አወቃቀር ዩኒቨርሲቲዎቹ የፌዴራል መንግሥት ሲሆኑ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በክልልና በወረዳ እጅ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለውን ተማሪ የሚያዘጋጅለት ትምህርት ቤት ሌላ በጀት፣ ሌላ አለቃ አለው። የጋምቤላ ክልል ልጅ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአኙዋ፣ በኑዌር ወይም በመዠንግር ቋንቋ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገራል። ይህን ድልድይ የሚያሻግረው ብቁ የሳይንስና የቋንቋ መምህር ካልተገኘ፣ የዩኒቨርሲቲው መቅረብ ብቻውን ምንም አይረዳውም።

በሩ ሲጠብብ

ይህ ክፍተት በይፋ የታየው ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጀምሮ ነው። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። 896,520 ከሚሆኑት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከማለፊያው በታች ላስመዘገቡ ብዙዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተዘጋጀ፤ በ2015 ዓ.ም. ለተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በመጀመሪያነት ራስ ገዝ አደረገ።

እነዚህ እርምጃዎች የተማሪውን እውነተኛ ደረጃ ማሳየታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሐሰተኛ ውጤት ይዞ ከመግባት እውነቱን ማወቅ ይሻላል። ሆኖም ፈተና በሽታውን ይለያል እንጂ አያድንም። ከሩቅ ወረዳ ለመጣ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በመጀመሪያ የሚታየው የመፈተኛ አዳራሽ ሆኖ ነው፤ ከፈተናው በፊት በነበሩት ዐሥራ ሁለት ዓመታት ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ቤቱ ያደረገው ነገር አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሕግ የለም። ራስ ገዝነትም ቢሆን፣ ብዙ ገቢ ያለው ተማሪ ወደሚገኝበት የሚያዘነብል ከሆነ፣ ክፍተቱን ሊያሰፋው ይችላል። ጥቂት ልጆች ብቻ በሚያልፉበት ወረዳ ከአገሩ የወጣ መምህር፣ ሐኪምና መሐንዲስ አይገኝም፤ እነዚህ ሲጠፉም የነገው ትምህርት ቤት እንደ ትናንቱ ይቀጥላል።

ማጠቃለያ

የሰባ ዓመታቱን ታሪክ በአንድነት ስንመለከት፣ ማሻሻያዎቹ በአብዛኛው የመለሱት ዩኒቨርሲቲውን ማን ያስተዳድር፣ ስንትስ ይሁኑ የሚለውን ጥያቄ ነው። ቻርተሩ ኮሌጆቹን አንድ አደረገ፤ ኮሚሽኑ ሥልጣኑን ወደ መንግሥት ወሰደ፤ መስፋፋቱ ግቢዎቹን ወደ ዳር አገር አቀረበ፤ የቅርቡ ማሻሻያ ደረጃን አጠበቀ። ዩኒቨርሲቲውን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር በግዴታ ያስተሳሰረው ግን የ1957ቱ አገልግሎት ብቻ ነው።

ያንን አገልግሎት እንደ ነበረ መልሶ ማምጣት ዛሬ የሚቻል ላይሆን ይችላል። መሠረተ አሳቡ ግን አላረጀም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው የሚገኙትን የተወሰኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በኃላፊነት ቢይዝ፣ የሒሳብ፣ የሳይንስና የእንግሊዝኛ ተማሪዎቹን በአግባቡ አሠልጥኖ በመምህራን ረዳትነት ቢመድብ፣ ቤተ ሙከራውንና ቤተ መጻሕፍቱን ቢያካፍል፣ ሥራውም በተማሪዎቹ ውጤት ቢመዘን፣ መጋጠሚያው ባለቤት ያገኛል። የሚዛን ቴፒና የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲዎች ለዲማ ቅርብ መሆናቸው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። እንዲህ ያለው ዕቅድ ሲወጠን ግን የ1966 ዓ.ም. ትምህርት መዘንጋት የለበትም፤ በክፍሉ ውስጥ የሚቆመው መምህር አስቀድሞ ሊመክርበት ይገባል።