አርቲስት ሜሮን ጌትነትና «ድፍረት»፡ በአርሲ የተጀመረው የሕግ ክርክር በፊልም

የሎዴ ሂጦሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሁሩታ በምትገኝበት የአርሲ ዞን እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጸመ አንድ የጠለፋ ወንጀል ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በፊልም ለዓለም ተመልካች ቀርቧል። በፊልሙ የጠበቃዋን ገጸ ባሕርይ ወክላ የተጫወተችው አርቲስት ሜሮን ጌትነት ናት።

ተዋናይትና ገጣሚ የሆነችው ሜሮን በአገር ውስጥ ተመልካች ዘንድ ይበልጥ የታወቀችው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ በነበረው «ዳና» ተከታታይ ድራማ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ያስተዋወቃት ግን በዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ነው።

የፊልሙ መነሻ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችና የተደፈረች የ14 ዓመት ታዳጊ ታሪክ ነው። ታዳጊዋ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ በመግደሏ በነፍስ ግድያ የተከሰሰች ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ድርጊቱ ራስን የመከላከል ነው በሚል በነፃ ተሰናብታለች። ሜሮን የማኅበሩን መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን፣ ትዝታ ሐገሬ ደግሞ ታዳጊዋን ወክለው ተጫውተዋል። የፊልሙ ርዕስ በአማርኛ ጀግንነትንም አስገድዶ መድፈርንም የሚገልጽ ቃል ነው።

ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማቶችን አግኝቷል። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተዘጋጀው የምርቃት ሥነ ሥርዓት ከባለታሪኳ መብት ጋር በተያያዘ ክርክር ሳቢያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋርጦ ነበር። ይህም በእውነተኛ ታሪክ ላይ የሚመሠረት የጥበብ ሥራ የባለታሪኩን ፈቃድና መብት አስቀድሞ ማረጋገጥ እንዳለበት ያመለከተ ነው። ኢትዮጵያ ፊልሙን ለ87ኛው የኦስካር ሽልማት በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ አቅርባዋለች።

ድርጊቱ በተፈጸመበት ወቅት ሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የተጠለፈችውን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ክፍት አድርጎ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህንን ቀርቷል። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን ለጋብቻ መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ወንጀለኛውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ከጠለፋው ጋር አስገድዶ መድፈር ከተፈጸመ ወንጀለኛው በሕጉ ለአስገድዶ መድፈር በተደነገገው ቅጣት ይቀጣል።

ወይዘሮ መዓዛ ከጥቅምት 2011 እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

በፊልሙ ውስጥ ታዳጊዋን ለአደጋ ያጋለጠው የጠላፊዎቹ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ጠለፋውን እንደ ባህል በመቁጠር ታዳጊዋን በነፍስ ግድያ ለማስቀጣት የፈለጉ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ኃላፊዎችም ነበሩበት። የሜሮን ትወና ለፍትሕ አካላትና ለወረዳ አመራሮች የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው፤ ሕጉ ቢሻሻልም ጥበቃው ተጨባጭ የሚሆነው አቤቱታውን መጀመሪያ የሚቀበለው ሠራተኛ ሕጉን ሲያስፈጽም ነው።