ከመተማ ቆላ እስከ ሰሜን ተራሮች፦ ትንፋሻችን ከፍታን የሚላመደው እንዴት ነው?



መተማ፣ ገንዳ ውኃ፣ ቋራ እና ምዕራብ አርማጭሆ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ለትምህርት፣ ለጉብኝት ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ሲሄዱ ጋቢና ስንቅ ታዘጋጃላችሁ። ስለ ብርዱ የማያስብ የለም። ስለ ትንፋሽ የሚያስበው ግን ጥቂት ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «እንዲህ ብትተነፍሱ ተራራ አይከብዳችሁም» የሚሉ ቪዲዮዎች በየስልኩ በዝተዋል። እውነት አተነፋፈስን በመለማመድ ብቻ ከፍታን መቋቋም ይቻላል? ዛሬ ይህንን በታሪክ በኩል እናያለን። ታሪኩን ካወቃችሁ ምክሩ አይረሳችሁም።

🔹 በእግርና በበቅሎ ዘመን

መተማ ከባሕር ጠለል በላይ በግምት 700 ሜትር ላይ ናት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው የጨነቅ ሰፈር 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ራስ ደጀን ደግሞ 4,533 ሜትር ነው። ከአንድ የአገራችን ጥግ ወደ ሌላው ስንሄድ ወደ አራት ሺህ ሜትር እንወጣለን ማለት ነው።

መተማ ለብዙ ዘመን የጎንደርና የሱዳን የንግድ በር ነበረች። ነጋዴው ቡናውንና ሰሙን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ይወርዳል፣ ከሱዳን የመጣውን ሸቀጥ ይዞ ይመለሳል። ያን ጊዜ ከመተማ ጎንደር መድረስ በርካታ ቀናት ይፈጅ ነበር። ከጎንደር ሰሜን ለመውጣት ደግሞ ሌላ ቀናት ያስፈልግ ነበር። ነጋዴው ሳያውቀው ሰውነቱ ከፍታውን ቀስ በቀስ ይላመድ ነበር፤ መንገዱ ራሱ ሐኪሙ ነበር።

የደጋው ሰው ትልቁ ፍርሃት ደግሞ የቆላው ንዳድ ነበር፤ ዛሬ ወባ የምንለው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ሕይወታቸው ያለፈው ሠራዊታቸውን ከደጋ አውርደው ነው፤ የጠረፉ ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለውም በእሳቸው ስም ነው። የዘመቻው ወር የበጋ ወር መሆኑን ልብ በሉ። በክረምትና ክረምቱ እንደወጣ ወደ ቆላ መውረድ አደገኛ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ቆላው ወደ ደጋ ሲወጣ የሚገጥመው ችግር ግን ብዙም አልተወራም፤ ጉዞው ቀርፋፋ ስለነበር ችግሩም እምብዛም አይታይም ነበር።

ዛሬ መንገዱ ሰላም ከሆነ ማለዳ ከመተማ የተነሳ ልጅ በዚያው ቀን ደባርቅ ሊያድር፣ በማግሥቱም በመኪና ከ3,600 ሜትር በላይ ሊገኝ ይችላል። መኪናው ፈጥኗል፤ ሰውነታችን ግን ያው የበቅሎው ዘመን ሰውነት ነው።

🔹 ሐኪሞች ምክንያቱን ያወቁት እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1590 ሆሴ ዴ አኮስታ የተባለ ስፔናዊ ካህን በፔሩ ተራሮች ሲያልፍ የገጠመውን ከባድ ማቅለሽለሽና ትውከት ጽፎ አሳተመ፤ አየሩ ለሰው ትንፋሽ በጣም የሳሳ ነው ብሎም ገመተ። ግምቱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ፈጀ። ፖል ቤር የተባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት የአየር ግፊት በሚቀነስበት ክፍል ውስጥ ሙከራ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው መጽሐፉ የሕመሙ ምክንያት የኦክስጅን ግፊት ማነስ መሆኑን አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ መተማም ራስ ደጀንም ላይ 21 በመቶ ገደማ ነው። ከፍ ስንል የሚቀንሰው ኦክስጅንን ወደ ሳንባና ወደ ደም የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ጨነቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከምናገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ደግሞ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል።

ከፖል ቤር ዘመን አንድ አሳዛኝ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1875 ሦስት ፈረንሳውያን «ዜኒት» በተባለ ባሉን ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ። ኦክስጅን ይዘው ነበር። ነገር ግን በሚያስፈልጋቸው ሰዓት እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ራሳቸውንም ሳቱ። ሁለቱ ሞቱ፣ ጋስቶን ቲሳንዲዬ ብቻ ተረፈ። በሕይወት ተርፎ እንደተናገረው በዚያ ሰዓት ጭንቀት አልተሰማውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። ወላጆች፣ ይህን ያዙልኝ፦ ኦክስጅን ያነሰው አንጎል አደጋውን ለባለቤቱ አይነግረውም። «ደህና ነኝ» የሚለውን ሰው ቃል ብቻ አትመኑ፤ አረማመዱንና አነጋገሩን እዩ።

🔹 ትንፋሽ ራሱን ያስተካክላል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል

እ.ኤ.አ. በ1911 ጆን ሃልዴን የተባለ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ኮሎራዶ 4,300 ሜትር በሚሆነው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ለሳምንታት ተቀመጠ። ሜብል ፊትዝጀራልድ የተባለች ሳይንቲስት ደግሞ በየከፍታው ያሉ የማዕድን ሠራተኞችን ትንፋሽ ለካች። ያገኙት ነገር ዛሬም ይሠራል፦ ሰው ከፍታ ላይ ሲወጣ ማንም ሳያስተምረው ትንፋሹ ይጨምራል፤ በቀጣዮቹ ቀናትም እየጨመረ ይሄዳል። ይህን የሚቆጣጠረው አንጎላችንና በአንገታችን የደም ሥር አጠገብ ያለ ትንሽ የኦክስጅን «ጠባቂ» ነው። ኩላሊትም የደሙን ኬሚካል እያስተካከለ ያግዛል። ይህ ሥራ በሰዓታት አያልቅም፤ ቀናት ይፈልጋል።

በልምምድ ይህንን ጊዜ መዝለል ይቻላል የሚሉ ሰዎች ራይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሃበለር እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1978 ኤቨረስትን ያለ ኦክስጅን መውጣታቸውን ይጠቅሳሉ። እነዚህ ሰዎች ግን አስቀድመው ለሳምንታት ተራራው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ሰውነታቸውን አላምደው ነበር።

🔹 «እኛ ኢትዮጵያውያን ከፍታ አይጎዳንም» እውነት ነው?

በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በተባለው ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የእኛው ሰሜን ተራሮችም ታሪክ ሠርተዋል። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። በደማቸው ያለው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ ሄሞግሎቢናቸውም በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም። የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው። የሰሜን ሰዎች ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ይዘው ተገኙ።

በ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ፣ 2,240 ሜትር ላይ፣ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር የብር፣ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በዚያው 10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ውድድሩን እንደጨረሰ ራሱን ስቶ ወድቆ ኦክስጅን ተሰጠው። ክላርክ ጎበዝ ስላልነበረ አይደለም፤ ሰውነቱ ያደገው ዝቅ ባለ ቦታ ነው።

እንግዲህ መተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ አያቶቹ የደባርቅ ሰዎች ቢሆኑም፣ ዘሩን ተማምኖ በአንድ ቀን ሽቅብ መውጣት የለበትም። በአንዲስና በኮሎራዶ እንደታየው ደግሞ ደጋ የሚኖሩ ልጆች ቆላ ሰንብተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሳንባቸው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ጤነኛና ጠንካራ መሆንም ዋስትና አይሆንም፤ ቻርልስ ሂውስተን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ይህንን የሳንባ ሕመም ሲገልጽ ታማሚው ጠንካራ ወጣት ስፖርተኛ ነበር።

🔹 ታዲያ የአተነፋፈስ ዘዴ ጥቅም የለውም?

አለው፤ ልኩን ማወቅ ነው። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ 4,559 ሜትር ላይ (ከራስ ደጀን ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ነው) ሰዎች ለ15 ደቂቃ በደቂቃ 6 ጊዜ ብቻ በቀስታና በጥልቀት እንዲተነፍሱ አደረጉ። በደማቸው ያለው ኦክስጅን ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 89 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ልምምዱን ሲያቆሙ ግን መልሶ እየወረደ ሄደ። እፎይታ ይሰጣል፣ መድኃኒት ግን አይሆንም።

✅ ስታርፉ፦ በአፍንጫ ሆዳችሁ እስኪነፋ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ ከንፈራችሁን አሹላችሁ፣ ትኩስ ቡና እፍ እንደምትሉት፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሙት።
✅ ስትወጡ፦ ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር አዋህዱ፤ ሁለት እርምጃ ስባችሁ ሁለት እርምጃ አስወጡ። እየሄዳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል፤ ቀስ በሉ።
❌ በፍጥነትና በኃይል አትተንፍሱ። ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል።
❌ ትንፋሽ ይዛችሁ «ለመለማመድ» አትሞክሩ።
❌ ለብርድ ብላችሁ አረቄ አትጠጡ፤ የእንቅልፍ መድኃኒትም በራሳችሁ አትውሰዱ። ሁለቱም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ያደክማሉ።

🔹 ከቆላ የመጣ ሰው ራሱን ሲያመው፦ ወባን አትርሱ

ለምዕራብ ጎንደር ሰው ትልቁ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። የወባም ምልክቶች ናቸው! ወባ ደግሞ በትንኝ ከተነደፍን ከሳምንት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ስለሚጀምር፣ መተማ የተያዘ ሰው ደባርቅ ሄዶ ሊታመም ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ «ከፍታ ነው» ወይም «ምች ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ፣ ከቆላ መምጣታችሁንም ለባለሙያው ንገሩ።

ወባ የቆላ ብቻ ነው ብሎ መዘናጋትም ዋጋ አስከፍሎናል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሳው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ 150,000 የሚገመት ሰው ገድሏል።

በቅርብ ጊዜ ወባ ወይም ካላዛር ታሞ የዳነ ልጅ ደሙ አንሶ ሊሆን ይችላል። ኦክስጅንን የሚሸከመው ቀይ ደም ሲያንስ፣ ኦክስጅኑ ባነሰበት ተራራ ላይ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ከጉዞው በፊት የደም መጠኑን አስለኩ።

🔹 ከመነሳታችሁ በፊት

1️⃣ ጎንደር አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ከዚያ ደባርቅ እደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እረፉ።
2️⃣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ልጅ ያላት እናት፣ የልብ፣ የሳንባ፣ የአስም ወይም የደም ማነስ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ለከፍታ ሕመም መከላከያ የሚሆን መድኃኒት አለ፤ ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪም ነው።
3️⃣ መናገር የማይችል ሕፃን ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ ከፍታው ነክቶት ሊሆን ይችላል።
4️⃣ ራሱን ያመመው ሰው እስኪሻለው ከዚያ በላይ አይውጣ።

🚨 ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካሳለው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ከቀባጠረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ አውርዱት። ብቻውን አትልቀቁት። ከጨነቅ ደባርቅ መውረድ ብቻ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። በዚህ ሰዓት የአተነፋፈስ ልምምድ እያሠራችሁ ጊዜ አታባክኑ።

የመተማ ነጋዴዎች ስለ ኦክስጅን የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ በቅሎዋ ግን ቀስ አድርጋ ታወጣቸው ነበር። እኛም መኪና ይዘን እንኳ እንደ እነሱ ቀስ ብለን እንውጣ።

ይህን ጽሑፍ ልጁን ወደ ደጋ ለሚልክ ወዳጃችሁ አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ! 🙏