በቢስክሌት የሚነበብ ታሪክ፤ ከወልድያ እስከ ሐብሩ

ብዙ ሰዎች ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ይመስላቸዋል። መጽሐፍ የታሪክ ዋና ጎተራ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን መንገድም ራሱ እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ ማን እንደ ጠረገው፣ ለምን እንደ ጠረገው፣ ማን እንደ ሄደበት፣ ማንስ ሳይደርስበት እንደ ቀረ ጠይቆ የተረዳ ሰው የአንድን ሀገር ታሪክ ከሥሩ ያገኘዋል። በዚህ የት/ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ እኛ የታሪክ ተማሪዎች ለአንባቢያን ልናቀርብ ያሰብነውም ይህንኑ ነው። ይኸውም ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃና በመርሳ አልፎ ወደ ሐብሩ ገጠር የሚገባው መንገድ በቢስክሌት የሚጓዘውን ተማሪ ምን ያስተምረዋል የሚለው ነው።

ስለ ምን በቢስክሌት ሆነ የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል። በመኪና የሚሄድ ሰው ከወልድያ መርሳ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ይደርሳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን ቀኑ ያልቅበታል። ቢስክሌት በሁለቱ መካከል ናት። ከማሽላ ጠባቂ ልጅ ጋር ሰላምታ ለመለዋወጥ ያህል ትዘገያለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ቤት ታደርሳለች። ከአስፋልቱ ወጥቶ ኮረኮንቹን ለሚይዝ ሰው ደግሞ ድንጋዩ ራሱ «ቀስ በል፣ ግራና ቀኝህን እይ» ይለዋል።

የቢስክሌት ዕድሜ ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ሰው በእግሩ መሬቱን እየገፋ የሚነዳውን የእንጨት ተሽከርካሪ ሠራ። በ1860ዎቹ በፓሪስ ፔዳል ተጨመረለት። በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱን እግሮች እኩል አድርጎ በሰንሰለት የሚነዳውን ቢስክሌት አወጣ፤ በ1888 ደግሞ ጆን ዳንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ሠራ። ፈረንሳይን የሚዞረው ታላቅ ውድድር በ1903 ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ ይነዱ የነበረው እንደ ዛሬው በለሰለሰ አስፋልት ላይ አልነበረም፤ አቧራና ጠጠር በሞላበት የገጠር መንገድ ነበር እንጂ። ዛሬም አውሮፓውያን ወደዚያው ጠጠር ተመልሰዋል። ሰፋ ያለ ጎማ ባለው ቢስክሌት በገጠር እየተዘዋወሩ የጥንት ግንቦችንና ገዳማትን ይጎበኛሉ፤ ለጠጠር መንገድ ቢስክሌትም እ.ኤ.አ. በ2022 በኢጣልያ ሀገር የዓለም ሻምፒዮና ተጀምሮለታል። እነርሱ ፈልገው የሚሄዱበት ዓይነት መንገድ ለኛ ከደጃችን ነው።

በሀገራችንም ቢሆን ቢስክሌት የቆየ ክብር አለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በቢስክሌት ተወዳድረዋል። ይህም የሆነው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ከማሸነፉ በፊት ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳዩ ታላቅ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

እንግዲህ ወደ መንገዳችን እንመለስ። መነሻችን ወልድያ የጥንቱ የየጁ ምድር ናት። ከ1776 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ታላቁ ራስ ዓሊ፣ ከእርሳቸውም በኋላ እነ ራስ ጉግሣ፣ በመጨረሻም ዳግማዊ ራስ ዓሊ በጎንደር በተቀመጡት ነገሥታት ስም ሀገሩን ይገዙ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ዘር ከየጁ ነው። ሥልጣናቸው ያበቃው በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ ማለት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በአይሻል ጦርነት ራስ ዓሊን ድል ባደረጉ ጊዜ ነው። ዘመነ መሳፍንትን በክፍል ስንማር ሐሳባችን ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ነገር ግን ለ70 ዓመት ያህል ነገሥታትን ሲያነግሥና ሲሽር የኖረው ቤት የወጣው እኛ በየቀኑ ከምንረግጠው አፈር ነው።

ከወልድያ በስተምዕራብ የሚወጣው መንገድ በድልብ አቀበት አድርጎ ወደ ጋሸና ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። እርሱም በደርግ ዘመን በቻይናውያን እርዳታ የተሠራ ነው። እኛ ግን አሁን የምንከተለው ወደ ደቡብ የሚወርደውን ዋና ጎዳና ነው።

ይህ ጎዳና አሳዛኝ አመጣጥ አለው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው ከማይጨው ጦርነት በኋላ የኢጣልያ ጦር ወደ ደቡብ ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ። ከዚያም ወራሪው አስመራን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ በወሎ ተራሮች ሥር አበጀ። መንገዱ የተሠራው ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ እንዲያወጣ ታስቦ አልነበረም፤ ወታደርና መድፍ ቶሎ እንዲያልፍበት ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲሄድ ግን መንገዱን ይዞት ሊሄድ አልቻለም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የመንገዱ ጥበቃ በሀገራችን ሰዎች እጅ ገባ። ከመንገዱም ጋር ቃላት ቀርተውልናል። ዛሬ ቢስክሌታችን ሲበላሽብን የምንጠራቸው ጎማና ፍሬን፣ አስፋልት የሌለውን መንገድ የምንጠራበት ፒስታም ሁሉም የኢጣልያንኛ ትውልድ ናቸው። ባለቤቱ የተባረረ መሣሪያ በአዲሱ ባለቤት እጅ ለሌላ ሥራ ሊውል እንደሚችል ይህ ጎዳና ያስተምረናል።

ከወልድያ ወደ ታች ስንወርድ ስሪንቃን እናገኛለን። በዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር ቆላ የሚስማማ ማሽላና ሌላም ሰብል የሚጠናበት ነው። ቀጥሎ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትመጣለች። ሐብሩ በስተሰሜን የአላውሃ ወንዝ፣ በስተደቡብ የሚሌ ወንዝ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የአፋር ምድር ያዋስነዋል። ስለዚህ ሐብሩ የደገኛና የቆለኛ፣ የአራሽና የአርብቶ አደር መገናኛ ነው። ወደ ጊራና ወይም ወደ ሐራ አቅጣጫ ከጎዳናው ወጥቶ ኮረኮንቹን የያዘ ቢስክሌተኛ ይህን በዓይኑ ያየዋል። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ዛፍ፣ በሌላው በኩል የመስጊድ ሚናራ ይታየዋል፤ በአንድ ገበያም የሁለቱም ልጆች ይገበያያሉ። የጁ በዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከል የታወቀውን ያህል በአብያተ ክርስቲያናቱም የታወቀ ነው። ይህ አብሮ መኖር በአዋጅ የመጣ አይደለም፤ በጉርብትና፣ በጋብቻና በቡና ሥነ ሥርዓት የተገነባ ነው።

የጠጠር መንገዱን ነገር ስናነሣ አንድ መራራ ታሪክ ሳንጠቅስ ልናልፍ አንችልም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታላቅ ረሀብ ሆነ። በዚያን ጊዜ ከገጠር የተነሣው ሕዝብ የሄደው ወደ ዋናው ጎዳና ነው፤ ምክንያቱም መኪና የሚያልፈው፣ ሰው የሚያየው፣ እህል የሚደርሰው በዚያ ብቻ ነበር። ልጁን ያዘለች እናት ከጎዳናው ዳር ብትደርስ የመዳን ተስፋ ነበራት፤ አቅም አጥቶ በመንደሩ የቀረው ግን የሚያየው አልነበረም። ከጎዳናው እስከ መንደሩ ያለው ርቀት በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ርቀት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከተሜው እየነቀፈ የሚሄድበትን ኮረኮንች እኛ ንቀን አንመለከተውም። በ2003 ዓ.ም. የገጠር ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታቅዶ የተጀመረው ሥራ ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ሚዛን ሲመዘን ነው።

ከመርሳ ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም የሚሌን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አምባሰል የገባ ተጓዥ ውጫሌ ይደርሳል። በዚህ አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የውጫሌ ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ ቢፈልጉ የኢጣልያን መንግሥት እርዳታ መጠየቅ ይችላሉ ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ከዚህ የአንድ ግሥ ልዩነት የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈጸመ። ቋንቋን ጠንቅቆ መማር ለፈተና ብቻ ነው የሚል ተማሪ ቢኖር ውጫሌን ሄዶ ይይ። ከዚያ ጥቂት አልፎ ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት መነኮሳትን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ።

ይሁን እንጂ መንገድ ሰላም ከሌለው መንገድ አይባልም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ ብዙ ወገኖቻችን ተጎድተዋል፤ የሕዝብ ንብረትም ጠፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ይህንኑ ጎዳና ደጋግሞ ዘግቶታል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዱት ሐኪም ቤት የምትሄደው ወላድና ት/ቤት የሚሄደው ልጅ ናቸው። ጦር ያለፈበትን ጎዳና ተማሪ በሰላም ሲያልፍበት ማየት የዚህ ሀገር ሽማግሌዎች ሁሉ ምኞት ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ይህን እናሳስባለን። ቢስክሌት ያለው በራሱ፣ የሌለው ተከራይቶ፣ ሰላም በሆነበትና ወላጅ በፈቀደበት ቀን፣ አንድ የተቀደደ ጎማ የሚለጠፍበትን ዕቃና አንድ ደብተር ይዞ ይውጣ። በደረሰበት መንደር ሽማግሌዎችን ተቀምጦ ይጠይቅ፤ ይህን መንገድ ማን ጠረገው? ይህ ወንዝ ስለ ምን እንዲህ ተባለ? በክፉው ዘመን ማን ማንን አስጠጋ? የሰማውንም ከነቀኑ ይጻፍ። የነገሥታቱን ታሪክ ሌሎች ጽፈውልናል፤ የሐብሩን ኮረኮንች ታሪክ ግን እኛ ካልጻፍነው የሚጽፍልን የለም። የሚያውቁት አባቶችና እናቶች በየዓመቱ እየተለዩን ነው፤ ደብተሩን ለከርሞ የሚያቆይ ተማሪ ከባዶ ደጃፍ ይደርሳል።