ረጅሙ አገጭ፦ ጂሚ ሂል ከሜዳ እስከ ስቱዲዮ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1972 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አርሰናልና ሊቨርፑል ለንደን ሃይበሪ ላይ ሲጫወቱ አንዱ የመስመር ዳኛ ተጎዳ። የዳኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ካለ ብቅ ይበል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ባንዲራውን የተረከበው አገሬው ሁሉ በቴሌቪዥን የሚያውቀው ጂሚ ሂል ነበር።

ሂል በተጫዋችነቱ ከኮከቦች ተርታ አይሰለፍም። ከብሬንትፎርድ ወደ ፉልሃም ተሻግሮ ተጫወተ፤ በ1958 ዶንካስተር ላይ አምስት ጎል አግብቷል፤ ለብሔራዊ ቡድን ግን አልተሰለፈም። ስሙን ያስጠራው ከሜዳ ውጭ ያደረገው ነው። በዚያ ዘመን ስታዲየም ሙሉ ሰው የሚያስጨበጭብ ተጫዋች እንኳ በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ አይከፈለውም ነበር፤ ደንቡ አይፈቅድም። የተጫዋቾች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው ሂል አባላቱን ለአድማ አስነሣ። ቀኑ ሲቃረብ፣ በጃንዋሪ 1961፣ ሊጉ እጅ ሰጠና የደሞዝ ጣሪያው ተነሣ። የፉልሃም ባልደረባው ጆኒ ሄይንስ ወዲያው በሳምንት 100 ፓውንድ ተቆረጠለት። ታጋዩስ? በዚያው ዓመት ጉልበቱ አስቸግሮት ጫማውን ሰቀለ።

ቀጥሎ በአሰልጣኝነት ኮቨንትሪን ከሦስተኛ ዲቪዚዮን አንሥቶ በ1967 ለአንደኛው አበቃው። ክለቡ ከታላላቆቹ ጋር ሊገጥም ዋዜማው ላይ ሳለ ግን ሥራውን ለቀቀ። ልቡ ቴሌቪዥን ላይ ነበር።

በ1968 የለንደን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆነ። የ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ሲደርስ አሰልጣኙን ማልኮም አሊሰንን፣ ተጫዋቾቹን ዴሪክ ዱጋንን፣ ፓት ክሬራንድንና ቦብ ማክናብን ስቱዲዮ አስገብቶ እንዲከራከሩ ለቀቃቸው። ይሉኝታ የለም፤ ይተራረባሉ፣ ይነታረካሉ። ተመልካቹ ጭቅጭቁን ከጨዋታው እኩል ወደደው። ዛሬ በየካፌው በዲኤስቲቪ የምናየው የተንታኞች ወንበር የዚያ ስቱዲዮ ልጅ ነው።

በ1973 ወደ ቢቢሲ ተዛውሮ ማች ኦፍ ዘ ደይ የተባለውን የእግር ኳስ ፕሮግራም ለዓመታት መራ። የመሰለውን ሳይናገር የማያድር ሰው ነበርና ወዳጁንም ጠላቱንም አበዛ። የእንግሊዝ ተማሪዎች አንዱ ሲዋሽ አገጫቸውን እየዳበሱ «ጂሚ ሂል!» ይሉ ነበር፤ አገጩ ረጅም ነዋ! ስኮትላንዶች ደግሞ ጨርሶ ይቅር አላሉትም። በ1982 ዓለም ዋንጫ ዴቪድ ናሬ ብራዚል ላይ ግሩም ጎል ሲያገባ ሂል በጫማ ጫፍ የተነካች ኳስ ናት ብሎ አጣጣላት። በዚህስ ስኮትላንዶች እውነት አላቸው፤ ጎሏን ደግሞ ያየ ይፈርዳል።

ለእኔ ትልቁ ሥራው ሌላ ነው። አሸናፊ ሁለት ነጥብ ብቻ ሲያገኝ ቡድኖች አቻን እንደ ድል ይቆጥሩ ነበር። ማሸነፍ ሦስት ነጥብ ያስገኝ ብሎ ወተወተ፤ የእንግሊዝ ሊግ በ1981 ተቀበለው፤ ዓለም ዋንጫ ላይ በ1994 ደረሰ። የእኛም ፕሪሚየር ሊግ ሠንጠረዥ የሚሰላው በዚሁ ነው።

ሂል በዲሴምበር 2015 በ87 ዓመቱ አረፈ። ከሜዳ ወደ ስቱዲዮ የገቡ ብዙዎች ከእሱ የተሻለ ኳስ ተጫውተዋል፤ ጨዋታውን የእሱን ያህል የለወጠ ግን አላውቅም።